የዓመቱ የመጀመሪያ እንቁላል

ቲትስከ ረጅሙን የመዝለያ እንጨት ቦዩ መሃል ተክላ ተወረወረች። ማዶ ስታርፍ አንዱ ቦት ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ተሰነቀረ።

"የአባባን እንጨት ሰብረሽ እንዳትመጪ" አለ ወንድሟ ሂልከ ከባሕሩ ግድብ ላይ። "ካንቺ ይልቅ ለሱ ነው የሚያዝነው።"

"አንተ አፍህን ዝጋና ዓይንህን ክፈት።"

የመጋቢት ነፋስ ከባሕር ይገርፋል። ከግድቡ ሥር ባለው ጥብቅ መስክ ላይ ኪቪት የሚባሉት ወፎች ተመልሰዋል፤ ቁንጯቸው ቀጥ ብሎ ሣሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። በመላው የፍሪስላንድ አውራጃ ግን እስካሁን እንቁላል ያየ የለም። ድሮ የመጀመሪያውን ያገኘ ሰው ይዞት ይሄድ ነበር። ዛሬ መንካት ክልክል ነው፤ ያገኘው ሰው ለመንደሩ ወፍ ጠባቂዎች ይደውላል፣ መስካሪ መጥቶ በዓይኑ እስኪያይም ከቦታው አይነቃነቅም። ከዚያ ስሙ በሬዲዮ ይነገራል። አባታቸው ኼርበን ዕድሜ ልኩን ሲፈልግ ኖሮ አንዴም አልቀደመም። አሁን በአረጋውያን ማረፊያው መስኮት ሥር ሬዲዮ ከፍቶ ይቀመጣል።

አንዲት ኪቪት አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሮጠችና ራቅ ብላ ተነሣች። ከጎጆዋ የምትወጣ ወፍ እንዲህ ናት። ቲትስከ ሩጫው ከጀመረበት ቦታ ዓይኗን ሳትነቅል ሄደች። የላም ኮቴ በጎደጎደው መሬት ውስጥ አንድ እንቁላል ተቀምጧል፤ አፈር መሳይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት።

መጀመሪያ ለመስካሪው ለሲበረን፣ ቀጥሎ ለአባቷ ደወለች።

"አባባ፣ አገኘሁ።"

"ስንት ነው?" አለ ሽማግሌው።

"አንድ።"

"እንግዲያው እንቁላል መጣል ገና መጀመሯ ነው። ቁሚበት ልጄ። ሬዲዮውን ከፍ አድርጌዋለሁ።"

ሂልከ በራሱ እንጨት ቦዩን ዘሎ ሲደርስ እሷ እንቁላሉን አትመለከትም። ከአጥሩ ላይ ሁለት ቁራዎች ተቀምጠው ነበር።

"ምን ሆነሻል? ዕድለኛዋ እኮ አንቺ ነሽ።"

"እነዚያን እያቸው።"

"ቁራ ነዋ። ቁራ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? እንቁላሉ እንደሆነ ከዚያ አይታያቸውም።"

"እኔ እታያቸዋለሁ። የቆምኩበትን አይተው ነው እንቁላሉን የሚያገኙት።"

አንደኛው ቁራ ወርዶ በእግሩ ይመጣ ጀመር። ቲትስከ ጮኻ አባረረችው፤ ተመልሶ ቀድሞ ከነበረበት ቀረብ ብሎ አረፈ። ኪቪቷ ከላያቸው እየዞረች ትጮኻለች። ቲትስከ መቆምም መሄድም አቃታት፤ አንድ እግሯን አንስታ መልሳ አሳረፈች።

"ሲበረን እስኪመጣ ቻይው" አለ ሂልከ። "ከሄድሽ ሌላ መንደር ይቀድምሻል። አባባ ደግሞ የሚመጣውን ዓመት አይጠብቅሽም፤ ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ።"

እንጨቱን ከመሬት ነቀለች። መስኩን አቋርጣ ሌላው ቦይ ዳር እስክትደርስ አልዞረችም። እዚያ ባዶ ሣር ላይ ጎንበስ አለች፤ እንደ መንበርከክም አለች፤ ጎጆ ሲገኝ የሚተከለውን የምልክት ቀንበጧንም ተከለች። ሂልከ እየተራገመ ተከተላት። ቁራዎቹ ካጥሩ ተነሥተው በላያቸው አለፉና አጠገባቸው አረፉ። ወዲያ ማዶ ኪቪቷ ወደ ጎጆዋ ወረደች።

ሲበረን እያለከለከ መጣ። "የታለ?"

"የለም" አለች ቲትስከ። "እበት ነው። ዓይኔ ነው ያታለለኝ።"

ሲበረን ባዶውን ሣር፣ ከዚያ እሷን አየ። "የኼርበን ልጅ ሆነሽ እበት ስትጠብቂ ነበር? ይሄን እስከ ገና ነው የምንስቅበት።"

ሂልከ አፉን ሊከፍት ሲል የጫማውን ጫፍ ረገጠችው።

ሰውየው ሲርቅ ስልኳ ጮኸ። አባቷ ነው።

"ምን ልትዪው ነው?" አለ ሂልከ።

"እውነቱን።"

"ለማረፊያው ሰው ሁሉ ነው ወሬውን የሚያዳርሰው።"

"ያዳርሰው" አለች። "ማን ሊያምነው?" ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።