የሁዳዴ ቆዳ

ባዘዘው በዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ተምሮ በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ቢቸና ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆኖ ሲመደብ ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። ሥራው በማይክሮስኮፕ ማየትና ያየውን ጽፎ መስጠት ነው። የተቀረው የሐኪሙ ድርሻ ነበር።

በአራተኛው ዓመት ወይዘሮ ወለተ ሐና የሚባሉ የሞጣ ቆዳ ነጋዴ ሠራተኛቸውን ፋንታን ይዘው መጡ። ፋንታ ክንዱ ላይ መሐሉ የጠቆረ፣ የማያም ቁስል ወጥቶበታል። ባዘዘው ከቁስሉ ፈሳሽ ወስዶ ሲያይ እንደ ቀርከሃ በአንጓ የተቀጣጠሉ ዘንጎች አየ።

"አባሰንጋ ነው፤ በበሽታው ከሞተ ከብት ቆዳ የያዘው ነው" አለ።

ፋንታ መርፌ ተወግቶ ዳነ። ወይዘሮዋ ግን ቶሎ አልሄዱም። በሽታው ቆዳ ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ በምን እንደሚለይ ሲጠይቁት ቆዩና፣

"ልጄ፣ እኔ ዘንድ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ለምን አብረን አንሠራም?" አሉት።

ሦስት ወር አሰበበት። አባቱ መሪጌታ ሣህለ ማርያም የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሲነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

"ይህን ሁሉ ዘመን የተማርኸው የሞተ በሬ ልብስ ልትገፍ ነው?"

"አባባ፣ እዚህ ጤና ጣቢያ የማየው ሰው ከታመመ በኋላ ነው። እዚያ ምናልባት ከመታመሙ በፊት እደርስ ይሆናል።"

መሪጌታ አልመረቁትም፤ አልረገሙትምም።

ሥራውን ለቅቆ ሞጣ ሲገባ መጀመሪያ ሻጮቹ ሳቁበት። ዋጋ መከራከር አያውቅም ነበር። ቀስ በቀስ ለመደ። ቆዳው መሬት ላይ መሰጣቱ ቀርቶ በእንጨት ተወጥሮ ጥላ ውስጥ እንዲደርቅ አደረገ፤ የአዲስ አበባ ገዢዎችም የሞጣን ቆዳ እየመረጡ መውሰድ ጀመሩ። የገበያው ጫጫታ ደስ ይለው ጀመር፤ በዚህ እሱም ተገረመ።

በሁለተኛው ዓመት በሁዳዴ እኩሌታ ወልደ ኪዳን የተባለ ሻጭ ሠላሳ ቆዳ በበቅሎዎች ጭኖ መጣ። ወይዘሮ ወለተ ሐና ቆዳ ሊያስጭኑ ደጀን ሄደው ነበር።

"ታርደው ነው ሞተው?" አለ ባዘዘው።

"ታርደው ነው እንጂ!"

"በሁዳዴ? ሠላሳ ከብት?"

ወልደ ኪዳን ዓይኑን አሸሸ። "ካልፈለግህ ተወው፤ የሚገዛኝ አላጣም" አለ።

እውነቱን ነበር፤ የሚገዛው አያጣም። ባዘዘው ደግሞ እጁ ላይ ማይክሮስኮፕ የለም። ወደ ሌላ እጅ እንዳይገቡ ሠላሳውንም ሳይከራከር ገዛ። በማግሥቱ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ከከተማው ውጭ አወጣቸው። ፋንታ ሊያግዘው ሲል፣

"አንተ እንዳትነካ፤ እንጨት ብቻ አምጣ" አለው።

ሲነድ ዋለ። ሽታው ሞጣን ግማሿን አዳረሰ።

ወይዘሮ ወለተ ሐና በሦስተኛው ቀን ተመለሱ፤ ባዘዘውም ሁሉን ነገራቸው።

"አባሰንጋ መሆኑን በምን አወቅህ?"

"አላወቅሁም፣ እሜቴ።"

"ሳታውቅ አቃጠልህ?"

"አዎ።"

በዚያ ዓመት በሞጣ አባሰንጋ የያዘው ሰው አልተሰማም፤ ስለዚህ ባዘዘው ልክ ነበር የሚልም፣ ተሳስቷል የሚልም ማስረጃ አልተገኘም። ገበያተኛው "ቆዳ አቃጣዩ" አለው። አንዳንድ ሻጮች ራቁ፤ ጥቂቶቹ ቆይተው ተመለሱ፤ ወልደ ኪዳን ግን ዳግመኛ አልታየም።

ከደጀን በተመለሱበት ዕለት ግን ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

"ዳግመኛ እንዲህ ያለ ሲመጣ እስክመለስ አቆየው" አሉ። "እኔም ቆሜ ልይ።"

ባዘዘው እሺ አለ። በማግሥቱ ገበያ ስለ ነበር ሁለቱም በማለዳ ወጡ።