ሦስቱንም የከደነ እጅ

እና ዓይኖቿ ክፍት ናቸው፣ ይሄ ነው እንግዲህ፣ ክፍት፣ አራተኛዋ ሴት ወለሉ ላይ ተጋድማ ጣሪያውን አይደለም የምታየው፣ እኔን ነው፣ በሩ ላይ የቆምኩትን፣ ጉንጩ በጥርስ ሐኪም መርፌ የደነዘዘውን ሽማግሌ መርማሪ፣ የት ነበርክ ትለኛለች፣ ጥርስ ሳስነቅል እላታለሁ በሆዴ፣ ሌላ ጊዜ ቀድሜ የምደርሰው እኔ ነኝ፣ ዛሬ ግን ሜትሯ ቀደመችኝ።

ሜትሯ የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ ሬሳ አጠገብ ያለውን ሁሉ ስለምትለካ ነው ስሙ የወጣላት፣ ከበሩ እስከ ወንበሩ፣ ከወንበሩ እስከ ጣት፣ እኔን ደግሞ በሌለሁበት ዝገቱ ትለኛለች፣ አውቃለሁ፣ ጋሼ ጥርሱ ወጣልዎት ወይ ትላለች፣ ቀና ሳትል፣ ወጣ፣ እሰይ፣ እኛም ከማቃሰትዎ ተገላገልን፣ ሂጂ ወዲያ፣ ግማሽ ፊቴ ብቻ ይስቃል።

ያው የመጋረጃ ገመድ፣ ያው ቋጠሮ፣ ያው ብቻዋን የምትኖር ሴት። ሦስቱን ሴቶች የገደለው የዚያው ሰው ሥራ ነው እላለሁ። አይደለም ጋሼ፣ ተረጋግታ፣ ለሰነፍ ተማሪ እንደሚያስረዱት፣ ገመዱንም ቋጠሮውንም ጋዜጣ አውጥቶታል፣ ማንም ይኮርጀዋል፣ የዓይኑን ነገር ግን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን፣ የኛ ሰውዬ ገድሎ ዓይን ይከድናል፣ ሦስቱንም ከድኗል፣ ይሄኛው አልከደነም፣ ኮራጅ ነው፣ የኛው ታስሯል፣ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ክስ ይመሠረትበታል።

የኛ ሰውዬ። የሆስፒታል ሬሳ ክፍል ሠራተኛ፣ የሁለተኛዋ ሟች ጎረቤት። የሞተ ሰው ዓይን ክፍት ሆኖ ብታገኝ ምን ታደርጋለህ ብላ ሜትሯ ምርመራ ላይ ስትጠይቀው፣ እከድነዋለሁ እንጂ፣ ሌላ ምን ይደረጋል፣ ወደ እኔ ዞሮ፣ እርስዎስ አይከድኑም ጋሼ፣ እሷ እየጻፈች፣ እኔ መስኮት መስኮቱን እያየሁ።

ሃያ ስድስት ዓመት። በሁለት ጣት፣ ከግንባር ወደ ታች፣ ቀስ ብሎ፣ ፎቶ አንሺው ሳይደርስ፣ ቤተሰብ ሳይገባ፣ ጀማሪ ሳለሁ አንዲት እናት ዘው ብላ ገብታ፣ ልጄ አልሞተም፣ እያየኝ ነው፣ ልቀቁኝ፣ ስይዛት እጄን ነከሰችኝ፣ ከዚያ ወዲህ እከድናለሁ፣ ሳላስበው፣ ቤት ስገባ ጫማ እንደማወልቀው፣ ጫማዬን አወለቅኩ ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ማን አለ። ፎቶው ግን የተከደነውን ዓይን ያዘው። ሜትሯ ከፎቶው ላይ ገዳይ ሠራች፣ የሚያፍር ሰው፣ ለገደላት የሚሳሳ ሰው፣ አርባ ገጽ፣ አለቃችን አጨበጨበላት፣ እኔም አጨበጨብኩ፣ በእነዚህ እጆች።

መቼ ነው ያወቅከው ትለኛለች አራተኛዋ፣ አሁን ነው እንዳትል፣ የታሰረው እርስዎስ ሲለኝ ነው፣ አሥራ አንድ ቀን ሆነው፣ ሌላም ማስረጃ አይጠፋበትም አልኩ፣ ጡረታዬ አንድ ወር ቀረው አልኩ፣ ምሳዬን በላሁ፣ እውነተኛው ግን ማንም ሳይፈልገው በሰላም ሲዞር ሰንብቶ የዚችን በር አንኳኳ። ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል። ሁለት ብርጭቆ ታጥቦ ተደፍቷል። ሁለት።

ጥርሴን ባያመኝ ኖሮ ቀድሜ ደርሼ እከድንላት ነበር፣ የታሰረውም ነጻ ይወጣ ነበር፣ ይኸው ገዳዩ ገና ውጭ ነው ተብሎ፣ ውሸቴ ያድነው ነበር፣ አሁን የሚያድነው እኔ ከተናገርኩ ብቻ ነው።

ሜትሯ፣ ምላሴ አይታዘዝም፣ ሜትሯ ነይ፣ ምን ሆኑ ጋሼ፣ ደም ዋጡ እንዴ፣ እንበረከካለሁ፣ ጉልበቴ ይንቋቋል፣ ሁለት ጣቴን ከሟቿ ፊት በላይ እዘረጋለሁ፣ ሳልነካት፣ ከግንባር ወደ ታች፣ ቀስ ብዬ፣ አየሩ ላይ፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጋሼ ምን እያደረጉ ነው። ሁልጊዜ የማደርገውን። ሜትሩ ከእጇ ያመልጣል፣ ተጠቅልሎ ቤቱ ይገባል፣ ጠጭ።

ሦስቱንም፣ ትላለች።

ሦስቱንም።

ለዐቃቤ ሕጉ ደውዪ፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ፣ ስልኳን አውጥታ ትዘረጋልኛለች፣ እርስዎ ይደውሉ፣ ጋሼ አላለችኝም፣ እደውላለሁ፣ ይጠራል፣ አራተኛዋ እያየችኝ ነው፣ ይጠራል፣ እኔም ዓይኔን አልነቅልም፣ ይጠራል፣ ሃሎ