የቤንዚን ስካር

በላይነሽ ከተነጠፈላት ፍራሽ ደግማ ስትነሣ ጎረቤቷ እማማ ዳሲቱ የነጠላዋን ጫፍ ያዙት።

«ሐዘንተኛ እንዲህ አይቅበዘበዝም፣ ልጄ። አረፍ በዪ።»

ተቀመጠች። ብዙም ሳትቆይ ተነሣች። ባሏ ሳህሌ ከተቀበረ ገና ማግስቱ ነው፤ የአቃቂ በሰቃ ጎረቤት ድንኳኑን ሞልቶታል። ቁጭ ብላ እንዳታለቅስ ያደረጋት ከጀርባዋ የሰማችው ሹክሹክታ ነበር። አንዷ፣ በጎልማሳነቱ መቀጨቱ ያሳዝናል ስትል፣ ሌላዋ መጠጡ ነው የጨረሰው ብላ መለሰችላት፤ ማታ ማታ ግድግዳ እየተደገፈ ሲገባ በዓይኗ አይታዋለች።

ግድግዳ እየተደገፈ መግባቱስ እውነት ነው። ከሐዲዱ ማዶ ያለው አሮጌ የነዳጅ ማከማቻ ሊፈርስ ነው ተብሎ የቀን ሠራተኛ ሲፈለግ ከተቀጠሩት አንዱ ሳህሌ ነበር። መሬት ውስጥ የተቀበሩት ታንከሮች ውስጥ ይገባሉ፤ የረጋውን የቤንዚን አተላ በባልዲ ያወጣሉ፤ ከዚያ ደግሞ ነዳጅ የጠጣውን አፈር ይቆፍራሉ።

አንድ ቀን ምሳውን ረስቶ ስለሄደ በላይነሽ ቋጥራ ወሰደችለት። ስትደርስ የሥራ ጓደኛው ኦላና በገመድ እየጎተተ ያወጣዋል። ሳህሌ ቀጥ ብሎ ሊቆም ሲል ጉልበቱ ከዳው። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ በሆነው ባልሆነው ይስቃል። አፉ ላይ ያሰረው እርጥብ ጨርቅ ብቻ ነበር። ማታ ሲያስመልሰው ካመሸ በኋላ ለማንም እንዳትናገር ለመናት። ታመመ ከተባለ ካቦው ሌላ ሰው ይተካበታል።

«ሰካራም ቢሉኝ ይሻለኛል» አላት፤ ለዓመት በዓል እንኳ ጠላ የማይቀምሰው ሰው።

ኋላ ሰውነቱ ማንም ሳይመታው ይበልዝ ጀመር። ጥርሱን ሲፍቅ ድዱ መድማቱን አላቆም አለ። ሐኪሙ ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠይቀው፣ የቀን ሥራ ነው ብሎ ሊያልፈው ነበር፤ በላይነሽ ግን ነገረችው። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ቤንዚን ለብዙ ጊዜ ሲተነፍሱት እስከ መቅኒ ዘልቆ ደም መሥራቱን እንደሚያቋርጥ ቀስ ብሎ አስረዳቸው። የሰጡትም ደም ብዙ አላቆየውም።

በሠልስቱ ኦላና ከሥራ ጓደኞቹ ጋር መጣ። አልቅሶ ሲያበቃ የሳህሌን ታናሽ ወንድም ዘአማኑኤልን አጠገቡ አስቀምጦ የካቦውን መልእክት ነገረው፤ ቤተሰቡ እንዳይቸገር ሰኞ በወንድሙ ቦታ ይግባ ተብሏል። ዘአማኑኤል ሥራ ካጣ ከርሟል። ራሱን በእሺታ ሲነቀንቅ በላይነሽ አየችው።

ተነሥታ ወንዶቹ መካከል ቆመች።

«ኦላና፣ ሳህሌ ይጠጣ ነበር?»

ኦላና አንገቱን ደፋ። «አሁን ተዪው፣ በላይነሽ።»

«ሰው ይስማ። ይጠጣ ነበር?»

«አይጠጣም» አለ በመጨረሻ። «ታንከሩ ነው የሚያሰክረን። ገብተን ስንወጣ ሁላችንም እንደዚያ ነን። የእኔም ድድ መድማት ከጀመረ ሰንብቷል።»

መጠጡ ነው ያለችው ሴት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

በላይነሽ ወደ ዘአማኑኤል ዞረች። «አንተንም አልቀብርም» አለችው።

ዘአማኑኤል ሰኞ እንደማይመጣ ለካቦው እንዲነግርለት ኦላናን ጠየቀው።

«አንተስ፣ ኦላና?» አለች በላይነሽ። «ሰኞ ትገባለህ?»

«ልጆቹን ምን ላብላቸው?»

ምሳ ሲቀርብ በላይነሽ ጆጉንና ሳፋውን ከአስታጣቢዋ እጅ ተቀብላ ኦላና ፊት ዝቅ አለች። ሐዘንተኛ እንዴት ታስታጥበኛለች ብሎ እጁን ሊሰበስብ ሲል ጎትታ ያዘችው። የጣቶቹ ስንጥቃት ጥቁር ነው። ሳሙናውን ራሷ አሸችለት። የሚወርደው ውሃ ጠራ፤ ኦላናም «ይበቃል» አላት። እሷ ግን ጆጉ ባዶ እስኪሆን አፈሰሰችለት።