ያልተፈረመለት ማዋለጃ ክፍል

ኤጀታ ግድቡ ላይ ሁለት ዓመት ሽቦ ስቧል፤ ሲያወራው ግን ግድቡን ብቻውን ያቆመው ይመስላል። ከባምባሲ ወጣ ብሎ ያለው ጤና ጣቢያ አሮጌ መጋዘኑን ወደ ማዋለጃ ክፍል ሲቀይር የኤሌክትሪክ ሥራውን ለእሱ መስጠቱም አላስገረመውም። ያስገረመው እስከዚያ ድረስ መዘግየታቸው ነው። ሚስቱ ብሪቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ደርሳለች፤ እሱም «ልጄ የሚወለደው አባቱ ባበራው መብራት ሥር ነው» እያለ ገበያተኛውን ሁሉ አሰልችቷል።

እውነት ለመናገር ሥራውን አሳምሮታል። ታካሚ የሚተኛበት ክፍል ሲታደስ የድሮውን ሽቦ በቀለም ሸፍኖ ማለፍ አይፈቀድም። ኤጀታ የቆየውን ሁሉ ነቅሎ ጣለ። መብራት ሲጠፋ ከአልጋው ራስጌ ያሉትን ሶኬቶች ጄኔሬተሩ እንዲያነሳቸው አደረገ። ለሁሉም ግራውንድ ዘረጋላቸው፤ ይህ መስመር ማሽን ቢበላሽ ኤሌክትሪኩ በታካሚዋ ገላ ሳይሆን በሽቦው በኩል ወደ መሬት እንዲወርድ የሚያደርግ ነው። የበጋው መሬት ደርቆ ስለነበር ከክፍሉ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሮ የመዳብ ዘንጉን ቀበረ፤ ዙሪያውን በከሰልና በጨው ሞልቶ ውሃ አጠጣው።

አንድ ነገር ብቻ ረሳ። የጤና ጣቢያው አጥር ወድቋል፤ በአካባቢው የሰፈሩት ገበሬዎች ከብቶች ደግሞ የጨው ሽታ ካገኙ የሚመልሳቸው የለም። ምን ያድርግ፣ ግድቡ ላይ ላም አልነበረችማ!

ክፍሉ ሥራ እንዲጀምር የሚፈርመው ተቆጣጣሪ ዓብዱልላጢፍ ከአሶሳ በመጣበት ጠዋት ብሪቱን ምጥ ያዛት። አዋላጇ ሲስተር ነዕማ በረንዳው ላይ አስቀምጣ ወገቧን እያሸች፣ ክፍሉ ይከፈት እንደሆነ ትጠብቃለች። ዓብዱልላጢፍ መለኪያውን ሶኬቱ ላይ ሰካ፤ ግንባሩን ቋጠረና ወደ ክፍሉ ጀርባ ዞረ። ኤጀታም ተከተለው።

አንዲት ቀይ ላም አፈሩን በቀንዷ ገልብጣ ጉድጓዱን ትልሳለች። ዘንጉ ተጋድሟል፤ ሽቦውም ተላቋል።

«ረዳትህ ናት?» አለው ዓብዱልላጢፍ።

ኤጀታ ላሟን በድንጋይ አባረረና ልመናውን ጀመረ። «መብራቱ እኮ ይበራል፤ ማሽኑም ይሠራል። አንተ ዛሬ ፈርምልኝ፣ ከሰዓት በፊት መልሼ እቀብረዋለሁ።»

«መብራትማ ያለ ግራውንድም ይበራል፣ ወላሂ! እኔ አልፈርምም። ግን እኔ ባልመጣ ኖሮስ፣ ይህን እያየህ ብሪቱን እዚያ አልጋ ላይ ታስተኛት ነበር?»

ኤጀታ ወደ ክፍሉ ግድግዳ ዞረ። የብረት አልጋው፣ እርጥቡ ወለል፣ የአልጋውን ጠርዝ ጨምድዶ የያዘ የሚስቱ እጅ ታየው። ፈራ።

«አምቡላንሱን ጥሩልኝ» አለ።

ወደ አሶሳ ሲሄዱ ነዕማ ከፊት ተቀምጣለች፤ ኤጀታ ከኋላ፣ ከሚስቱ አጠገብ፣ አንገቱን ደፍቷል።

«አሳፈርኩሽ» አላት።

ብሪቱ ምጡ ፋታ ሲሰጣት በረጅሙ ተነፈሰች። «ያን ክፍል ስፈራው ነው የከረምኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንደዚያ ስትደሰትበት እያየሁ? አንተ ‹አስተኟት› ብትል ኖሮ ዝም ብዬ እተኛ ነበር።»

ኤጀታ አልቻለም፤ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ከነዚያ ሁሉ ሶኬቶችና ሽቦዎች ይልቅ ይህች ሴት በእሱ ላይ የጣለችው እምነት አስፈራው።

«አንተ ኤጀታ! ለቅሶውን ተወውና እጄን ያዝ፣ መጣብኝ!»

ያዛት።