ማን አየ?

የመጽሔታችን ቢሮ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ እርስ በርስ የማይመሳሰሉ አራት ወንበሮች፣ ወረቀት እያኘከ የሚያትም አሮጌ ማተሚያና በሲባጎ ተሰቅለው ቢጫ የሆኑ የድሮ እትሞች አሏት። የሙጫና የሳል ሽሮፕ ሽታ ይቀላቀልባታል። ዋና አዘጋጁ ራሱ ፋርማሲስቱ ነው። ደንበኛ ገብቶ የበሩ ደወል ሲጮህ ርዕሰ አንቀጹን መሃል ላይ ጥሎ ይሮጣል፤ ርዕሰ አንቀጾቻችን ሁሉ ድንገት የሚያልቁት ለዚህ ነው።

እኔ አራሚ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ስወጣ ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ እዚህ ገባሁ። ሁላችንም በነፃ ነው የምንሠራው፤ ስለዚህ ማንም ማንንም ማባረር አይችልም። ጸሐፊዎቹ «ምላጭ» ይሉኛል። መጀመሪያ ከጀርባዬ ነበር፣ አሁን ፊት ለፊት ሆኗል፣ እኔም አቤት ማለት ለምጃለሁ። ማስረጃ የሌለው ነገር ካየሁ በቀይ እሰርዝና ጠርዙ ላይ ሁለት ቃል እጽፋለሁ፦ «ማን አየ?» ጡረተኛው ሹፌር «በዘመኔ እኔን የቀደመ መኪና የለም» ብሎ ጻፈ። ማን አየ? የሒሳብ መምህሩ በግጥሙ «ጨረቃ አለቀሰች» አለ። ማን አየ? መምህሩ ሁለት ወር ሙሉ አኩርፎኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ የምጨቃጨቀው ግን ከአዋላጇ ጋር ነው። የከተማውን እኩሌታ በእጇ ያስወለደች ጡረተኛ ነርስ ናት፤ የመጨረሻውን ገጽ፣ ማለትም የሟቾችን የሕይወት ታሪክ የምትጽፈውም እሷው ናት። «የጀመርኩትን መጨረስ ልማዴ ነው» ትላለች። ሰው ከሞተ በኋላ ቤተሰቡ በለቅሶ ተውጦ አንድ ቁም ነገር አይነግራትም። ስለዚህ ቀደም ብላ፣ ባለታሪኩ ገና በራሱ አፍ እያወራ ሳለ፣ አጠገቡ ቁጭ ብላ ትጠይቀዋለች። ጽፋም ሰማያዊ ማህደር ውስጥ ታስቀምጠዋለች።

ስም ግን አትጽፍም። ድሮ ትጽፍ ነበር። አንድ ቀን ጫማ ሰፊው ማስታወቂያ ሊያስወጣ ሲመጣ «ደግ ሰው ነበሩ» ተብሎ የተጻፈለትን ወረቀት ከነስሙ ጠረጴዛው ላይ አገኘው። ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት በእልህ ኖረ፤ አንድም ቀን ሰላም አላላትም። ከዚያ ወዲህ ስም የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፣ ቀኑ ሲደርስ። የመጽሔታችን ደንብ ይኸው ነው።

እርማት የምንሠራው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አዋላጇ አልነበረችም። ከጥቂት ወራት ወዲህ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ካልሆነ አትመጣም፤ ጉልበቷን ትታከማለች ብለውኛል። በዚያ ሳምንት የሞተችው የላውንደሪ ቤቱ ባለቤት ነበረች። ፋርማሲስቱ ታሪኳን ሊሰጠኝ ሰማያዊውን ማህደር ሲከፍት ደወሉ ጮኸ። ከመሃል አንዱን ወረቀት መዘዘና «ይኸው ጋሼ፣ አደራ ለዛሬ» ብሎኝ ወጣ።

እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት። «በዚህች ከተማ ልብስ የለበሰ ሁሉ እጇን ያውቃል» ይላል መጀመሪያው። ሁሉ? ሰረዝኩት። «ሳቋ ከመንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር።» እዚህ ላይ «ማን ሰማ?» ብዬ ጻፍኩ፤ ሳቅ አይታይማ፣ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። ቀጥሎ ያቺ በየታሪኩ የማትቀር ዐረፍተ ነገር መጣች፦ «ባሏን ትወደው ነበር፣ እሱም በጣም ይወዳት ነበር።» የላውንደሪዋን ባል አውቀዋለሁ። ሰላምታ እንኳን ቆጥቦ ነበር የሚሰጣት። ሁለት ጊዜ ሰረዝኩባትና ጠርዙ ላይ ጎላ አድርጌ ጻፍኩ፦ «ማን አየ?»

ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን የምናገረው እያፈርኩ ነው።

«ባሏ ዓይኑን ታክሞ ሰባት ሳምንት በፋሻ ተሸፍኖ በተቀመጠ ጊዜ በየቀኑ ጋዜጣ ታነብለት ነበር» ይላል ቀጥሎ። እኔም ከስምንት ዓመት በፊት ዓይኔን ታክሜ ሰባት ሳምንት በፋሻ ተቀምጫለሁ። ለካ ሁለት ነን ብዬ ገረመኝ። እንዲያ ነው ያሰብኩት፤ አልዋሽም።

«የሚያስከፋውን ዜና ትዘልለዋለች። የሚወደው ቡድን በተሸነፈ ቁጥር አሸነፈ ብላ ታነብለታለች። ፋሻው ከተፈታ በኋላ ስለ ድሉ ሲያወራ ሰው ሳቀበት። እሱም ውሸታም ብሎ ለጋዜጣው ሦስት ገጽ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈና ፖስታ ቤት እንድታደርስለት ሰጣት። ደብዳቤው እስከ ዛሬ በስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ነው።»

እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ።

ያን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት ገጽ ነበር። መልስ ነፈጉኝ ብዬ ያንን ጋዜጣ ቤቴ አላስገባም ብያለሁ፣ እስከ ዛሬም ሌላ ነው የምገዛው። ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ሁልጊዜ ይቆለፋል፤ መርፌ እንዳይጠፋ ነው ትለኛለች።

ከታች ሁለት መስመር ቀርቶ ነበር። «ሕመሟን ከነገሯት ቀን ጀምሮ ከቤተሰቧ የምታውቀው ሴት ልጇ ብቻ ነበረች፤ ከውጭ ደግሞ ይህች ጸሐፊ። ለባሏ አልነገረችውም።» ከዚያ ለቀኑ የተተወ ባዶ ቦታ።

ደነገጥኩ ብል አይገልጸውም። ማተሚያው እዚያው ወረቀቱን ያኝካል፣ ከመድኃኒት ቤቱ በኩል አንዲት ሴት ስለ ልጇ ጉንፋን ታወራለች፣ ሁሉም ነገር እንደነበረ ነው፤ እኔ ብቻ ነኝ ያልነበርኩት። ተነስቼ ቆምኩ፣ መልሼ ተቀመጥኩ። ቀለበቷ ትዝ አለኝ። ከጣቷ እየወለቀ ስላስቸገራት ከውስጥ ክር ጠምጥማበታለች። «ምነው?» ስላት «ጨርቅ እንዳይዝብኝ» አለችኝ። እኔም በቂ ማስረጃ ነው ብዬ ተቀበልኳት። ሌላ ከተማ ያለችው ልጃችን በየቀኑ መደወል ጀምራ ነበር፤ ዕድሜ አበሰላት አልኩ። ማክሰኞ ማክሰኞ ሚስቴ ኮቴን ራሷ ታለብሰኝና «ሂድ እንጂ፣ ያለ አንተ ምን ይሠራሉ?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ እወጣለሁ። ሰው ያላየውን ግድፈት እየለቀምኩ ያረጀሁ ሰውዬ ነኝ እኮ!

ፋርማሲስቱ ተመለሰ። ወረቀቱን ከትከሻዬ በላይ ሲያነብ ነጭ ጋዋኑና ፊቱ አንድ ሆኑ።

«ጋሼ… ይሄን ማን ሰጠህ?»

«አንተ።»

«የላውንደሪዋ መስሎኝ… ስም የለውማ…»

«ታውቅ ነበር?»

መሬት መሬት አየ። «መድኃኒቷን የማወጣላት እኔ ነኝ።»

በየሳምንቱ በቡናማ ከረጢት ጠቅልሎ «ለቤት ቪታሚን ነው» እያለ የሚሰጠኝ ነገር ነበር። በገዛ እጄ ተሸክሜ ነው ያደረስኩላት! ልመታው ፈለግሁ። እውነቴን ነው፣ ዕድሜዬን ረስቼ ክንዴን አንስቼ ነበር። ዓይኑ እንባ ስለሞላ እጄን አወረድኩ።

አዋላጇ ስትገባ ሁለታችንም እዚያው ተቀምጠን ነበር። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፦

«ምላጬ፣ ዛሬስ ማንን ስትቆርጥ ዋልክ?» አለች።

«እትዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው?» አልኳት።

ወረቀቱን አየች፣ ፋርማሲስቱን አየች። ወንበር ስባ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እንደዚያን ቀን አርጅታ አይቻት አላውቅም።

«አሁን ከሆስፒታል ቤት አድርሻት መምጣቴ ነው» አለች። «ትንሽ ተኝታለች።»

«እኔ ባሏ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ልጅ ያውቃል፣ መድኃኒት ሻጭ ያውቃል፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ማን ሆኜ ነው?»

«ጩህ ወንድሜ፣ ጩህ። መብትህ ነው። ግን ያለችኝን ልንገርህ? ትችለዋለህ?»

ወንበሬን ወደ እሷ አዞርኩ።

«‹ስህተት አይቶ ዝም ማለት አይችልም› አለችኝ። ‹ከሰማ ቀን ጀምሮ እኔን ማረም ነው ሥራው። አበላሌን፣ አተኛኘቴን፣ ሐኪሙን ሳይቀር። ይሄ ደግሞ የሚታረም አይደለም፤ እየሞከረ ይሰበርብኛል። እንደ ድሮው እየተነዛነዝን የቀረኝን ልኑር› አለች። እኔ አምስቴ ለምኛታለሁ። እምቢ አለች።»

«ስንት ጊዜ አላት?»

«ሐኪሙ ወራት ነው ያለው። ዓመት የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።»

የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ። አዋላጇ እጇን እጄ ላይ ጣል አደረገች። ስንቱን ሕፃን የተቀበለ እጅ ነው፣ ግን እኔን የሚችለኝ አልመሰለኝም።

«እንዳወቅህ እሷ እንዳታውቅ» አለችኝ። «አንድ ጊዜ እንኳን አይተህ ዝም በል። ከአንተ የፈለገችው ይህን ብቻ ነው።»

ቃል ገባሁ። ወረቀቱን አጥፌ ከእስክሪብቶዬ ጋር ደረት ኪሴ ከተትኩና ወጣሁ። መንገዱን እንዴት እንደሄድኩት አላስታውስም፤ የማስታውሰው የቤታችን በር ላይ ቆሜ ፊቴን በመሐረብ ስጠርግና ሳስተካክል ነው። የተለመደውን ቁጡ ፊት ፈልጌ አጣሁት።

ሚስቴ መስኮቱ ሥር፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። የጠዋቱ ጋዜጣ ጭኗ ላይ ነው። እንደ ሁልጊዜው ሳትዞር፦

«ዛሬ ማንን አረድክ?» አለችኝ።

«ማንንም።»

ዞር አለች። «ማንንም?»

«ጥሩ ነበር ጽሑፉ።» ኮቴን ሳላወልቅ አጠገቧ ቆምኩ። «ዓይኔ ደክሟል፤ እስቲ ጋዜጣውን አንብቢልኝ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ከዚያ መነጽሯን አደረገችና ገጹን ገለጠች። ስለ መንገድ ጥገና አነበበች፣ ስለ ውኃ መቋረጥ አነበበች። ከዚያ የስፖርቱ ገጽ ላይ ደረሰች።

«‹ቡድኑ በትናንቱ ግጥሚያ ሁለት ለአንድ አሸነፈ።›»

«እሰይ!» አልኩ። «ጎበዞች!»

ጋዜጣውን እንደ ጨርቅ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት አጣጠፈችው። መነጽሯን አወለቀች።

«ትናንት በሬዲዮ ሦስት ለባዶ ሲሸነፉ አብረን ነው የሰማነው» አለችኝ። «አነበብከው አይደል?»

ቃሌ አንድ ሰዓት እንኳን አልቆየም። እግሯ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቁ ላይ ተቀመጥኩና ክር የተጠመጠመበት ቀለበት ያጠለቀችበትን ጣቷን ይዤ አለቀስኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ፊቷ አልቅሼ አላውቅም። እሷ አላለቀሰችም። ራሴን እየዳሰሰች «በቃ፣ በቃ የኔ ጌታ፣ የለቅሶህ ዜማ ራሱ ልክ አይደለም» አለችኝ።

ትንሽ ቆይታ እጇን ዘረጋች። «አምጣው። ኪስህ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ።»

ሰጠኋት። ቀዩን ሁሉ እየተከተለች አነበበችው። «ማን ሰማ?» የሚለው ላይ ስትደርስ ከመንገዱ ማዶ እስኪሰማ ሳቀች፣ ሳሏ ጣልቃ ገብቶ እስኪያቆማት። ከዚያ ሁለት ጊዜ የተሰረዘችው መስመር ላይ ጣቷ ቆመ።

«ይቺንም ቆረጥካት?»

«የላውንደሪዋ መስሎኝ ነው።»

«የእኔ መሆኑን ብታውቅስ አትቆርጣትም ነበር?»

እውነቱን ከተጠየቅሁ፣ እቆርጣት ነበር። በየትኛው ማስረጃ ነው የማልቆርጣት? በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ያን ቃል አንድ ጊዜ አውጥቼ ነግሬያት አላውቅም። እጅጌው ረዘመ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ በሩ አልተዘጋም፤ እኔ የነገርኳት ይህን ነው። አሁን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣልኝም። ደነገጥኩ። ለዚህ እንኳን ዘገየሁ ብዬ ደነገጥኩ።

ቀይ እስክሪብቶዬን ራሷ ከኪሴ መዘዘች። ወረቀቱን መኪናዋ ላይ፣ ጨርቅ በምትዘረጋበት ቦታ ዘረጋችውና ከ«ማን አየ?» ሥር አንድ ቃል ጻፈችበት።

«እኔ»

አራት ነጥብ አላደረገችበትም። አየሁና ዝም አልኩ።