ሲዘፍን ግድግዳውን ምቺልኝ

ሬዲዮ ጠጋኙ አንዴ የያዘውን ቢሞት አይለቅም። የባትሪ ኮረንት ወደ አንድ ወገን ብቻ ይሄዳል፤ የሚስቱ ትልቁ ሬዲዮ ግን ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ኮረንት ካላገኘ ዝም ነው። መብራት እንደሆነ በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጣ ነው። ሰው ሁሉ የባትሪን ኮረንት የሚለውጠውን ኢንቨርተር ግዛና ተገላገል ቢለው አሻፈረኝ አለ። ካለቀ የባትሪ ድንጋይ ያወጣቸውን ሁለት የከሰል ዘንጎች አፍ ለአፍ ገጠመ፣ በመኪና ባትሪዎች መሃላቸው እሳት አስነሳ፣ ከጎኑ የሽቦ ጥቅልና ኮረንት አጠራቅሞ የሚለቅ ካፓሲተር አሰረ። እሳቱ ልኩን ሲያገኝ ኮረንቱ መመላለስ ይጀምርና ቀጭን ድምፅ ያወጣል። ይዘፍናል ይለዋል እሱ።

ምን ያደርጋል፣ ጆሮው ቀጭን ድምፅ መስማት ካቆመ ቆይቷል። የመለኪያውን መርፌ እንዳያይ ደግሞ እሳቱ ዓይን ያጠፋልና ከእሳቱ በቀር ምንም የማያሳይ የብየዳ መነጽር ያደርጋል። ስለዚህ ሚስቱ ጆሮ ሆነችው። ልቧ ደክሞ ከተኛች ወዲህ አልጋዋና የሥራ ጠረጴዛው በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያዩት። እሳቱ ሲዘፍን በማንኪያ ግድግዳውን ትመታለታለች፣ ሲቋረጥ ትተወዋለች። ከሁለት ሦስት ምት አልፎም አያውቅ።

“አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር ሳይዘፍን እኔ ልሄድልህ ነው” እያለች ትቀልድበታለች። እሱን ግን አንጀቱን ይበላዋል። ሳትሞትበት አንድ ቀን ሬዲዮዋን ሊያናግርላት ነበር ምኞቱ ሁሉ።

ያን ቀን ረፋድ ላይ ማንኪያው መታ፣ መታ፣ አላቆመም። ጠጋኙ ዘፈነልኝ ብሎ ፈነጠዘ። እሳቱ እንዳይጠፋበት ትንፋሹን ውጦ ዘንጎቹን በፀጉር ያህል ያቀራርብ ጀመር።

“አይዞሽ የኔ እመቤት፣ ያዝኩት!” ብሎ ጮኸላት።

ማንኪያው ፈጠነ፣ ከዚያ ዘገየ፣ ከዚያ ቆመ። ተቋረጠብኝ ብሎ እየተናደደ እሳቱን አጠፋና መነጽሩን አወለቀ። ለካ የካፓሲተሩ አንዱ ሽቦ ከቦታው ወልቆ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ያ ሽቦ ሳይታሰር እሳቱ በምን አንጀቱ ይዘፍናል? ሮጦ ገባ። የውሃው ብርጭቆ ተደፍቷል፣ ማንኪያው ወለሉ ላይ ነው፣ እጇ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ቀርቷል።

እህቷ እያለቀሰች ደርሳ፣ ምነው ጋሼ፣ አልጠራችህም ወይ ብላ ጠየቀችው።

“ጠርታኛለች” አላት። “እኔ አይዞሽ አልኳት።”