ያለ የሚመስለው ኔትወርክ

ልጄ ቤርሳቤ ደመወዝ የሌለው ሥራ ይዛለች። ድረ ገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተጋግዘው ይሠሩትና በነፃ ይሰጡታል። አንዱ የሠራው፣ ሌላው ሳይመረምረው ፕሮግራሙ ውስጥ አይገባም።

የእሷ ድርሻ ትንሽ ናት። ጋምቤላ አጠገብ ባለው በጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የምትሠራው የጤና ሠራተኛ ኛቢየል በዚህ ፕሮግራም በኑዌርኛ ማስታወቂያ ጽፋ ስትልክ ይጠፋባታል። ስልኳ ላይ ኔትወርክ አለ ይላል፤ የሚያልፍ ነገር ግን የለም። ፕሮግራሙ ተልኳል ብሎ ጽሑፉን ይጥለዋል። ቤርሳቤ እንዳይጥለው አድርጋ አስተካከለችው። ክረምቱን ሙሉ ሠራችበት።

መርማሪው ሰው መለሰላት። እኔ ጋ አይጠፋም፣ ሲጠፋ በቪዲዮ አሳዪኝ፣ የአዲሱ እትም ማስገቢያ ዛሬ አመሻሽ ላይ ይዘጋል አላት።

«ኔትወርኩን ራስሽ አጥፊውና አሳዪው» አልኳት።

«አባዬ፣ ሲጠፋማ ፕሮግራሙ ያውቃል። የሚያታልለው ያለ ሲመስል ነው።»

ወባ ይዟት ስለሰነበተ ብቻዋን አልሰደድኳትም። ጀዊ ደረስን። በማግስቱ ክትባት ስለነበረ ኛቢየል ለየሰፈሩ ማስታወቂያ ትጽፋለች፤ ቤርሳቤ በሌላ ስልክ ትቀርጻለች። የጻፈችው ሁሉ ወዲያው ይወጣል።

«ዛሬ እንግዳ አይቶ ጨዋ ሆነ» አለች ኛቢየል። «አባባ፣ አንተ ነህ ያስፈራኸው።»

«በየቀኑ ልምጣልሻ።»

ልጄ አልሳቀችም። ላቧን እየጠረገች ቀጥዪ ትላለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመጨረሻው ሰፈር ማስታወቂያ ጠፋ። የኔትወርኩ ምልክትም ጽሑፉም ባዶው ገጽም ተቀርጿል። ቤርሳቤ ቪዲዮውን ልትልክ ተጫነችው። አላለፈም።

ወደ ከተማ የሚመለሰው ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ ቆመ። ልጄ ስልኩን በመስኮት አውጥታ ይዛ ነበር። ቪዲዮው ያለፈላት ጋምቤላ ስንገባ ነው። መልሱ ቶሎ መጣ። አየሁት፣ ልክ ነሽ፣ ግን እትሙ ተዘግቷል፤ ለሚቀጥለው እንይዘዋለን ይላል። የሚቀጥለው ወራት ይቀረዋል።

ለኛቢየል ደወለችላት። ስልክ መደወሉስ ይሠራል።

«አልደረሰም፤ ይቅርታ» አለቻት።

«እሺ። እኔ ጋ አሁንም ኔትወርክ የለም። የዚያ ሰፈር እናቶች ነገ ሰዓቱን አያውቁም።»

ቤርሳቤ ቪዲዮውን ከፈተችና አስቁማ ሰጠችኝ።

«ያዝልኝ አባዬ፤ አታንቀሳቅሰው።»

ኑዌርኛ አታውቅም። ማስታወቂያውን ከዚህ ልትልክላቸው፣ ፊደል በፊደል እያየች በእኔ ስልክ መገልበጥ ጀመረች።